የዝግባው ቅርንጫፍ

ያኔ ጨንቻ ሳስተምር ክፍሌ ውስጥ ሰባ ምናምን ልጆች ነበሩ። ዝናብ በጣለ ቁጥር የቆርቆሮው ጩኸት ድምፄን ይውጠዋል። የሳይንስ መጽሐፉ ለአምስት ልጅ አንድ ነው። ምን አለፋችሁ፣ ሰልችቶኝ ነበር። ወደ አርባ ምንጭ እንዲያዛውሩኝ ሁለት ጊዜ ማመልከቻ ባስገባም መልስ የሚሰጠኝ አላገኘሁም።

ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ፣ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ትንሽ ደን አለ። አንድ ቀን ከክፍሉ መጨናነቅ ልገላገል ብዬ ልጆቹን ይዤ ገባሁ። ዝግባውን እያሳየሁ ስለ ሥርና ስለ ግንድ ሳወራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ሰሙኝ። ደስ ብሎኝ፣ «በሉ፣ እያንዳንዳችሁ ሦስት ዓይነት ቅጠል ቀጥፋችሁ አምጡ» አልኩ። ማንም ንቅንቅ አላለም። እርስ በርስ ተያዩ። እኔ የአርባ ምንጭ፣ የሲቀላ ልጅ ምን አውቄ፣ ስንፍና መሰለኝና ተቆጣሁ። ያን ጊዜ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው፣ ጥያቄ ሳልጨርስ እጇን የምታወጣው ልጅ ሄዳ የዝግባ ቅርንጫፍ ሰብራ አመጣችልኝ። ሰጥታኝ ፈጥና ከዛፉ ራቀች። ጎበዝ ብዬ አስጨበጨብኩላት።

በሳምንቱ ታናሽ ወንድሟ ትኩሳት ይዞት ተኛ። በአገሬው ዘንድ ከዚያ ደን እርጥብ እንጨት መስበር ጎሜ፣ ማለትም ነውር ነው፤ ነውሩ በሽማግሌ ፊት ካልተነገረ ቤተሰቡን በበሽታ ይመታል ብለው ያምናሉ። አባቷ ከትምህርት አስቀሯት። ቡሉኳቸውን ለብሰው ትምህርት ቤት ድረስ መጡና፣ «መምህር፣ እሷ ታዝዛ ነው። እርስዎ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርበው ያዘዝኳት እኔ ነኝ ይበሉ፣ ልጅቷ በማግስቱ ትመለሳለች» አሉኝ።

የጠየቁኝ ይኸንኑ ብቻ ነበር። እኔን ግን እልህ ያዘኝ። ጸሎት ቤት ያደግኩ፣ ያውም የሳይንስ አስተማሪ፣ ቅጠል አስቆረጥኩ ብዬ ልናዘዝ? ዛሬ ነገ ስል ሦስት ሳምንት አለፈ። የወንድሟ ትኩሳት ለቀቀው፤ እሷ ግን አልመጣችም። ጠዋት ስም ስጠራ የእሷ ስም ጋ ስደርስ ልጆቹ ዞረው ባዶ ቦታዋን ያያሉ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ከእናቷ ጋር ድንች ስትሸጥ አየኋት። ስታየኝ አንገቷን ደፋች። በጣም አፈርኩ።

በማግስቱ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ደኑ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። «ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ፈርታ ነበር፣ እያየሁ ነው ያዘዝኳት» አልኩ። የገሰጸኝ የለም። እርጥብ ሣር ይዘው መረቁኝ፣ አለቀ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ለዚህች አምስት ደቂቃ ብዬ ነው ልጅቷን ሦስት ሳምንት ድንች ያሸጥኳት።

ሰኞ መጥታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። እኔም እፎይ ብዬ፣ በዓይን ብቻ ነው የምንማረው ብዬ፣ ሽማግሌዎቹንም አስፈቅጄ፣ ልጆቹን እንደገና ወደ ደኑ ይዤ ገባሁ። ዝግባው ሥር ቆሜ ጥያቄ ጠየቅሁ። እሷ መልሱን እንደምታውቀው ፊቷ ላይ ይታያል። ጠበቅኳት።

እጇን አላወጣችም። ሁለቱንም እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ይዛ ቆማለች። ዝውውሬ ደርሶኝ ወደ ሲቀላ እስክወርድ ድረስ፣ ደኑ ውስጥ እንዲያ ነበር የምትቆመው።