ለእንግዳ የማይሆን ምግብ

ክልሉ አዲስ በተዋቀረበት ጊዜ ባለቤቴ ቢሮ ውስጥ ሥራ አግኝቶ ከጎጃም ወደ አሶሳ መጣን። እኔ አስተማሪ ነበርኩ። የተከራየንበት ግቢ የአንዲት የበርታ ብሔረሰብ አሮጊት ነበር። የግቢው ማንጎ በየዓመቱ ከዛፉ እየረገፈ መሬት ላይ ይበሰብሳል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞቹ ማንጎን የልጆች መቆያ እንጂ ምግብ ብለን አንቆጥረውም ነበር።

አሮጊቷ ባሚያም ጎመንም ከጓሯቸው ቆርጠው ያመጡልኛል። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። «ልጄ፣ ይሄ ብላ። አንተ በጣም ቀጭን ነው» ይሉኛል። ባለቤቴ ከሥራ ሳይመጣ ቶሎ ሠርቼ እበላለሁ።

አንድ እሑድ የባለቤቴ አለቃና ሁለት ባልደረቦቹ ሳይታሰብ መጡ። ቤት ውስጥ ሥጋ አልነበረም። ባሚያውን በሽንኩርትና በቲማቲም ሠርቼ፣ ጎመን ጨምሬ አቀረብኩ።

አለቃው ትሪውን አየና «ምነው፣ ሳንሰማ ጾም ገባ እንዴ?» አለ።

ሁሉም ሳቁ። ባለቤቴም አብሮ ሳቀና እንግዶቹን ይዞ ሥጋ ቤት ሄደ። ምግቡ ሳይነካ ቀረ።

ማታ ሲመለስ «ሰው ፊት አዋረድሽኝ፤ ሁለተኛ ይሄ ነገር ቤቴ እንዳይገባ» አለና ወጡን ከነጎመኑ ደጅ ደፋው። አሮጊቷ በራቸው ላይ ተቀምጠው አዩ። ከዚያ በኋላ ምንም ይዘውልኝ አልመጡም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም፤ አፈርኩ።

እሱ እንደሚወደው ቅቤ የጠገበ የሥጋ ወጥ መሥራት ያዝኩ። እንግዶች «ባለሙያ ነሽ» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ አንድ ጠዋት ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ሐኪሙ ደም ግፊት መሆኑን ነግሮን «ጨውና ቅባት ይቀንሱ፤ አትክልትና ፍራፍሬ ያብዙ» አለው። ጎመን በማንኪያ ሳጎርሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። በተኮላተፈ አንደበት «ሰው ሲመጣ አንሺው» ይለኛል። ጠያቂዎች ጥብስና ለስላሳ ይዘው ሲመጡ ግን ቀና ብሎ ይበላል። «እንዲህ ሲበላማ ይድናል» ይሉኛል። እምቢ ብል ባሏን በረሃብ ቀጣች እንዳይሉኝ ፈራሁ።

በሁለተኛው ዓመት ሞተ። የገደለው ምግቡ ነው ብዬ መማል አልችልም። ነገር ግን በር በተንኳኳ ቁጥር የጎመኑን ሳህን አልጋ ሥር የምደብቀው እኔው ነበርኩ።