የአክስቴ የሺ ጣት ዳቦ

ልጅ እያለሁ ዳቦ ነፍሴ ነበር። ዛሬ ግን ነጭ ሽንኩርትና ቅቤ የተቀባ ትኩስ ዳቦ ሲሸተኝ ምራቄ አፌን ይሞላዋል፤ ለመዋጥ ሳይሆን ለመትፋት። ባሕር ዳር በማስተምርበት ትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ልደት ሲያከብሩ እንዲህ ያለ ዳቦ በሣህን ይዞራል። እኔ ዘንድ ሲደርስ «ጨጓራ አለብኝ» ብዬ አሳልፈዋለሁ። ጨጓራ የለብኝም። ያለብኝ ከፍኖተ ሰላም፣ ከአሥራ አንድ ዓመቴ ይዤው የመጣሁት ማቅለሽለሽ ነው።

አባቴ ቅቤ ነጋዴ ነበር። በገበያ ቀን ማንኩሳ፣ በሌላው ቀን ቡሬ እየሄደ ገበሬዎች በቅጠል ጠቅልለው የሚያመጡትን ቅቤ ይሰበስባል። ከዚያ በትልልቅ ጣሳ እያሸገ በአይሱዙ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ከግቢያችን ጥግ «የቅቤ ክፍል» የምንላት መስኮት የሌላት ቤት ነበረች። ልብሴም ደብተሬም ቅቤ ቅቤ ስለሚል የክፍሌ ልጆች «ቅቤዋ» ይሉኝ ነበር። አልከፋኝም። እንዲያውም ኮራ ያደርገኝ ነበር። ያኔ ቅቤ ማለት ደስታ፣ አራስ ቤት፣ አዲስ የተሠራ ሹሩባ ማለት ነበር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሉት ዓመታት የከተማችን ሴቶች ልጆች ወደ ዓረብ አገር መሄድ ጀምረው ነበር። የአባቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ የሺ፣ ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት። ቤሩት ሰው ቤት አራት ዓመት ሠርታ ስትመለስ ሌሎቹ ወርቅና ብርድ ልብስ ሲያመጡ እሷ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ያመጣችው የዳቦ ማሽን ነበር። ነጭ፣ የውሃ ባልዲ የሚያህል፣ ክዳኑ ላይ ትንሽ መስተዋት ያለው። ዱቄቱን፣ እርሾውን፣ ለብ ያለ ወተቱንና ስኳሩን ጨምራ ስትከድነው ራሱ ያቦካል፤ ራሱ ኩፍ ያደርጋል። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ሊያየው ጎረፈ። አንዷ ጎረቤታችን አማትባ «እጅ ያልነካው ሊጥ ምን በረከት አለው?» ስትል አክስቴ ሳቀች። «የሰው እጅ ስንት ነገር ነክቶ እንደሚመጣ ብታውቂ እንዲህ አትይም» አለቻት።

እኔ ፊቴን መስተዋቱ ላይ ለጥፌ አያለሁ። ሊጡ እየተጠማዘዘ ግድግዳውን ይመታል፤ ከዚያ ቀስ እያለ እንደ በሽተኛ ሆድ ይነፋል። አንዳንድ ጊዜ መሐል ላይ መብራት ይጠፋና ሊጡ እዚያው ሞቶ ይቀራል። አክስቴ ኮምጥጦ የአተላ ሽታ ያመጣውን ሊጥ በጣቷ እየቧጠጠች ስታወጣ አፍንጫዬን ይዤ እሸሻለሁ። መብራቱ ከጸና ግን ሊጡን ከማሽኑ አውጥታ እንደ ጣት እያረዘመች ታድቦለብለውና በትልቅ ድስት ትደረድረዋለች፤ ከላይም ከታችም ፍም አድርጋ ታበስለዋለች። ሲወጣ በቀለጠ ቅቤ ውስጥ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ጨምራ ትቀባዋለች። የምትቀባው በዶሮ ላባ ነበር። ላባውን አጥባ፣ ቀቅላ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ ነው፤ ቢሆንም መጀመሪያ ሳየው አልበላም ብዬ ነበር። ስቀምሰው ግን ላባውን ረሳሁት። ጥጥ ነው። ልጆች «ጣት ዳቦ» አልነው፤ ስሙ በዚያው ጸና።

አክስቴ ተመልሳ ሰው ቤት አልሠራም ብላ ምላ ነበር። ሐሳቧ መናኸሪያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ከፍታ ለመንገደኛ ጣት ዳቦ መሸጥ ነው። መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ክፍል ደግሞ የእትዬ መሪማ ነበር። እትዬ መሪማ ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው። በበዓል እኛ እሳቸው ዘንድ፣ እሳቸው እኛ ዘንድ እንገባለን። ሥጋ ካልሆነ በቀር ከቤታችን በልተው ይጠግባሉ፤ ለሥጋው ሲሆን እናቴ በግ ትገዛና የእሳቸው ሰው አርዶ በእሳቸው ድስት ይሠራል። እንደዚህ ተከባብረን ነበር የምንኖረው። አክስቴ ክፍሉን ብትጠይቃቸው «እስቲ መጀመሪያ ዳቦሽን አቅምሽኝ፤ ለእሑድ እመጣለሁ» አሏት።

ከዚያ እሑድ በፊት በነበረው ሳምንት፣ ፋሲካ አልፎ ቅቤ እንደ ወርቅ በተወደደበት ሰሞን፣ ከትምህርት ቤት ቀደም ብዬ ተመለስኩ። ከቅቤ ክፍሉ የሚወጣው ሽታ የቅቤ አልነበረም። የተቃጠለ ፀጉር፣ የቆየ ሥጋ፣ የርጥብ ቆዳ ሽታ ነው። በሩን ገፋ አደረግሁት። አባቴ እጅጌውን እስከ ክንዱ ሰብስቦ ከሥጋ ቤት ያመጣውን ሞራ ያቀልጣል። ከላዩ ጥቁር ጥቁር ነገርና የከብት ፀጉር ይንሳፈፋል። አንዲት ዝንብ ክንፏን እያርገበገበች ስትሰምጥ በጣቱ አወጣትና ሱሪው ላይ ጠረጋት። እርድ ነሰነሰበት፤ ቢጫ ሆነ። ከዚያ በረድ ሲል ከጥጉ ጣሳ ባለው ቅቤ ላይ ገልብጦ በሁለት እጁ ያሸው ጀመር።

ቀና ሲል አየኝ። አልደነገጠም።

«ምን አየሽ?» አለኝ።

«ቅቤ» አልኩ።

«ጎበዝ» አለና በዚያው እጁ ጉንጬን ዳበስ አደረገኝ።

ሄጄ ታጠብኩ። ሞራ በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም። ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ ጉንጬ ላይ እንደ ሻማ የረጋ ነገር ይሰማኝ ነበር። ስተኛም ያንን ጉንጬን ከትራሱ አርቄ ነበር የተኛሁት።

እሑድ አባቴ ቡሬ ነበር። አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማሽኑን አስነሣች፤ መብራቱም ያን ቀን ታማኝ ሆነ። ዳቦው ሲበስል ነው ቅቤ የታጣው። የጓዳው ቅቤ ለፋሲካ አልቋል። እናቴ ከትራስ ሥር ቁልፍ አውጥታ ወደ ቅቤ ክፍሉ ሄደች። ተከተልኳት። እጇ ያረፈው ከጥጉ ጣሳ ላይ ነው፤ ከዚያኛው ጣሳ።

«እማዬ፣ አባዬ ይቆጣል» አልኳት።

«ለገዛ እህቱ ነው የሚቆጣ? አንች ደግሞ!» ብላ በማንኪያ ቆርሳ ወጣች።

እናቴ ነገሩን እንዳላወቀች ዛሬም በደንብ አውቃለሁ። ማለት የነበረብኝን አላልኩም። ነጭ ሽንኩርቱ ተወቅጦ የቀለጠው ውስጥ ሲገባ ሽታውን ዋጠው። እኔ ግን ከሥሩ ይሸተኝ ነበር።

እትዬ መሪማ ነጭ ሻሻቸውን አስረው መጡ። ሁለት ሦስት ጎረቤቶችም ነበሩ። ሣህኑ ሲቀርብላቸው እንደ ልማዳቸው ጠየቁ።

«የላም ቅቤ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለበትም አይደል፣ የሺዬ?»

«እመብርሃንን! ንጹሕ የላም ቅቤ ነው። ለእርስዎ ሌላ አቀርባለሁ?» አለች አክስቴ።

አንዱን በሉ። ሁለተኛውን በሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው «አጀብ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር አፌ ገብቶ አያውቅም! ሰኞ ነይና ቁልፉን ውሰጅ» አሉ። አክስቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። አራት ዓመት ሙሉ የሰው ወለል ስትወለውል ያላለቀሰችው ሴት በአንድ ቁልፍ አለቀሰች። ከዚያ ደስታው ለሁሉም እንዲደርስ ለእኔም አንድ አነሣችና በእጇ አጎረሰችኝ።

ዳቦው ቀዝቅዞ ነበር። ሞራ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ከላንቃዬ ላይ ተለጠፈ፤ በምላሴ ብገፋው አይላቀቅም። ዝንቧ ታየችኝ። የአባቴ እጅ ታየኝ። ለመሮጥ ተነሣሁ፤ በር ሳልደርስ እዚያው ሰሌኑ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ አስታወክሁ።

«ምን ነካሽ? ሰው ፊት ታዋርጅኛለሽ?» ብላ አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ሞራ ነው» አልኩ። «አባዬ ሞራ ሲጨምርበት አይቻለሁ።»

እትዬ መሪማ ሦስተኛውን ይዘው ነበር። ቀስ አድርገው ሣህኑ ላይ መለሱት። ምላሳቸውን በጥርሳቸው ላይ አዙረው ጣዕሙን ሲያጣሩ አየሁ።

«ከየት ያለ ሞራ፣ ልጄ?»

«ከሥጋ ቤቱ።»

እትዬ መሪማ ተነሥተው ወጡ፤ ከአጥሩ ሥር ባለው ጀሪካን ውሃ አፋቸውን ይጉመጠመጡ ጀመር። ይተፋሉ፤ እንደገና ይጉመጠመጣሉ። እኛ ውስጥ ቆመን ድምፁን እንሰማለን። ማንም ሌላውን አያይም። ውሃው አልቆ ጀሪካኑ መሬት ሲነካ ነው እናቴ ሰሌኑ ላይ ቁጭ ያለችው።

አባቴ ወደ ማታ ሲመጣ ታሪኩ ተነገረው። ይገርፈኛል ብዬ ነበር። ቢገርፈኝ ይሻል ነበር።

«ወንድምጋሼ፣ እውነት ነው ወይ? እውነቱን ይንገሩኝ» አለችው አክስቴ።

«ማን ከዚያኛው ጣሳ አውጡ አላችሁ?» አለ። «እሱ ለአዲስ አበባ ነው። ለቤት ሰው አይደለም።»

ይህች ቃል ከሞራውም የባሰች ሆነችብኝ። ጥፋቱ መጨመሩ ሳይሆን ከእኛ አፍ መግባቱ ሆነ። አዲስ አበባ የሚበላው ሰው አፍ የለውም? እዚያስ መሪማ የሚባል የለም? አክስቴ ተነሥታ ማሽኑን በመጣበት ብርድ ልብስ ትጠቀልል ጀመር።

በማግሥቱ ጠዋት አባቴ እጄን ይዞ ወደ እትዬ መሪማ ቤት ወሰደኝ። ወሬው ከወጣ ገበሬም ደንበኛም እንደሚያጣ ገብቶታል። መንገድ ላይ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ አንች ግን ታሽዋለሽ» አለኝ። የምለውን ሁለቴ አስደገመኝ። እትዬ መሪማ በሩን ራሳቸው ከፈቱ።

«ዋሽቼ ነው» አልኩ። «ቅቤው ንጹሕ ነው። ዳቦው ስላልተመቸኝ ነው እንደዚያ ያልኩት።»

የአክስቴን ቃል አምነው የበሉ ሴትዮ ናቸው። እኔን አላዩኝም፤ እሱን ነው ያዩት።

«ግድ የለም» አሉ። «ሞራ እኮ ዳቦ ላይ ብቻ አይወጣም፤ ዓይን ላይም ይወጣል። ያኔ ሰው ጎረቤቱን እያየ አያየውም።»

አባቴ የቅኔውን ወርቅ አላጣውም። ጆሮው ሥር ሲቀላ አየሁት። «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ይዞኝ ዞረ። እኔ የማስበው ስለ እሱ አልነበረም። ያ ሁሉ ትውከት ያላወጣው አንድ ነገር አፌ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ ያም «ዋሽቼ ነው» ያለው የገዛ ድምፄ ነበር።

እትዬ መሪማ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። አባቴም ንግዱን ቀጠለ። አክስቴ ቁልፉን ልትወስድ አልሄደችም፤ በምን ፊቷ? በዚያው ሳምንት ማሽኗን አውቶቡስ ላይ ጭና ቡሬ ገባች። አንዲት ክፍል ተከራይታ ጣት ዳቦውን በዘይት እየቀባች ትሸጥ ጀመር። በመጀመሪያው ክረምት መብራቱ እየሄደ እየመጣ ማሽኑን አቃጠለው፤ ከዚያ ወዲህ በእጇ ነበር የምታቦካው። ከእኛ ቤት ግን ዳግመኛ እህል አልቀመሰችም። አባቴ ሲሞት መጣች፤ ደረቷን እየመታች አለቀሰችለት። ንፍሮ ሲዞር እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም በየማዕዘኑ ዳቦ ቤት አለ፤ ነጭ ሽንኩርት የተቀባውም በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይሸጣል። ገበያ ወርጄ ቅቤ ስጠይቅ ሻጯ «ንጹሕ ነው ልበልሽ ወይስ እውነቱን ልንገርሽ?» ብላ ትስቃለች፤ የቆሙትም ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። አንዱ የተቀላቀለበት ሙዝ ነው ይላል፤ ሌላው ሞራ ነው ይላል፤ ተዛዝነው ይገዛሉ። አባቴ ቢያንስ መስኮት የሌለው ቤት ፈልጎ ነበር። አፍሮ ነበር ማለት ነው። የልጅነቴን ዘመን ናፈቅሁ ስል አንዳንዴ የሚናፍቀኝ ያ እፍረት ነው፤ ይህን ማሰቤ ራሱ ይቀፈኛል።

ባለፈው ዓመት እናቴን ልጠይቅ ስሄድ እትዬ መሪማ ዘንድ ጎራ አልኩ። አርጅተዋል፤ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ስሜን አልረሱም። ትንሽ ከተጨዋወትን በኋላ አወጣሁት።

«እትዬ መሪማ፣ ያኔ አልዋሸሁም ነበር። የዋሸሁት በማግሥቱ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ ወዲያው። «አፌ ነገረኝ እኮ።»

እፎይ ልል ስል አልጨረሱም።

«እኔ የማላውቀው ሌላ ነው። ይኸን ሁሉ ዓመት በደጄ ስታልፊ ሰላም ትይኝ ነበር። ልታገቢ ስትይ ጠርተሽኝ መጣሁ። አባትሽም ሞቶ ቀብሬዋለሁ። ይችን ለመናገር ምን አዘገየሽ?»

ሰበብ ሁሉ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። እሳቸውም አልጠበቁኝም። እጄን ሳቡና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት፤ ፀሐይዋ ከበረንዳው እስክትወርድ ድረስም አልለቀቁትም።