የግልገሏ ግመል ድምፅ

ጎረቤታችን ሆና የገባች ዕለት በራችንን አንኳኩታ ክብሪት ለመነች። እናቴ ሳትከፍት፣ «ሂጂና እናትሽን ላኪያት፤ ለሕፃን ክብሪት አልሰጥም» አለቻት። በሩ ሲከፈት የቆመችው ቁመቷ ከእኔ የሚበልጥ፣ የሁለት ልጆች እናት የሆነች ሴትዮ ነበረች። እናቴ አፍራ የምትገባበት ጠፋት። ሴትዮዋ ግን ለምዳዋለች፤ ሳቅ ብላ ክብሪቷን ተቀብላ ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ እንደ እህትማማች ሆኑ።

ድምፅዋ እንደዚያ ነበር። ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ አካሏ ሲያድግ እሱ ብቻ ወደ ኋላ የቀረ የልጅ ድምፅ። በአባቷ ሶማሌ፣ በእናቷ ኦሮሞ ናት። በአንድ አፍ ሦስት ቋንቋ ትናገራለች፤ በኦሮምኛ የጀመረችውን በሶማልኛ አዙራ በአማርኛ ትጨርሰዋለች፤ የድሬዳዋ ሰው ሁሉ እንደዚያው ስለሆነ አይገርመንም። ባሏ ከሞተ በኋላ ከጅቡቲ ባቡር የሚወርድ ጨርቅ ቀፊራ ገበያ እየሸጠች ልጆቿን ታሳድግ ነበር። ዋጋ ስትከራከር ደንበኛው ይስቃል። ነጋዴዎቹ «ጫጩት» የሚል ስም አውጥተውላታል። ኮንትሮባንድ የሚያሳድዱት ፊናንስ ፖሊሶች ጨርቋን ወርሰውባት አቤት ስትል እነሱም ይስቁ ነበር። ምን እያለች እንደሆነ ጆሮ ሰጥቶ የሚሰማት አልነበረም።

እኔ በዚያን ጊዜ በጨርቅ ፋብሪካ የንድፍ ክፍል ውስጥ ሠራተኛ ነበርኩ። ለሽርጥና ለአልጋ ልብስ የሚታተመውን አበባ የምንስለው እኛ ነን። አለቃችን የጨርቅ ኅትመት እንዲማር መንግሥት ቼኮዝሎቫኪያ ልኮት ነበር። እዚያ ሳለ በትርፍ ሰዓቱ ለልጆች የሚንቀሳቀስ ሥዕል ከሚሠሩ ሰዎች ጋር እየዋለ ሙያውን ለምዶ መጣ። አብዮቱ አሥር ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ለቴሌቪዥን የልጆች ፊልም እንሥራ ብሎ ደጅ ጠና፣ ጻፈ፣ ለመነ። በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ተፈቀደለት፤ ጥሬ ፊልሙም ተላከልን። ስድስት ክፍል ያለው፣ ከቅፍለቱ ተነጥላ ድሬዳዋ ከተማ የጠፋች ግልገል ግመል እናቷን ስትፈልግ የሚያሳይ ታሪክ ነበር።

ከሥራ በኋላ እንሠራ ነበር። አለቃችን ግልገሏን በወረቀት ይስላል፤ እኛ ለኅትመት በምንጠቀምበት ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ ገልብጠን ቀለም እንቀባለን። ከዚያ እያንዳንዱን ሥዕል ወደታች ከተደፋ ካሜራ ሥር አድርገን አንድ በአንድ እናነሣለን። ሙቀቱ ቀለሙን ብሩሹ ላይ ያደርቀዋል። ከሰዓት በኋላ የቀባነው በማግስቱ ተሰነጣጥቆ ይጠብቀናል፤ ፍቀን እንደገና እንቀባለን። አንድ ሳምንት ሙሉ ለፍተን ግልገሏ ከተማውን የሚከፍለውን የደቻቱን ወንዝ እንኳ ተሻግራ አትጨርስም።

የእኔ ድርሻ አፍ ነበር። ግልገሏ ስትናገር ከንፈሯ ከቃሉ ጋር እንዲሄድ የምስለው እኔ ነኝ። ለዚህ ደግሞ ድምፁ መቅደም አለበት። ከትምህርት ቤት ልጆች እያመጣን ሞከርን። ምስኪኖች፣ ለሰልፍ የተዘጋጀ መፈክር የሚያሰሙ ይመስል እየጮኹ አነበቡልን። አለቃችን ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ጎረቤቴ ትዝ አለችኝ።

ስነግራት መጀመሪያ ተቆጣች። «አንተም ልትስቅብኝ ነው?» አለችኝ። እናቴ ገብታ አግባባቻትና እሑድ ቀን ይዣት ሄድኩ። የቀዳናት ጥጥ መጋዘን ውስጥ ነው፤ እዚያ የጥጡ እስር ግድግዳ ሆኖ የውጭ ድምፅ አያስገባም። ማንበብ ስለማትችል አለቃችን ታሪኩን ነገራትና በራስሽ አባባል በይው አላት። እሷም ግልገሏን ሆና ተናገረች። የጻፍነው ላይ «እማዬ» የሚል ነበር፤ እሷ «አዮ» አለች፤ በእኛ በኩል ብዙ ልጅ እናቱን የሚጠራው እንደዚያ ነው። «አዮ፣ የት ሄድሽ? እኔ እኮ እዚሁ ነኝ።» አለቃችን ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ፣ «እስካሁን ይህችን የት ደብቀሃት ነው?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ገበያ ከመሄዷ በፊት መስኮታችን አጠገብ ተቀምጣ ቃሏን ትደጋግምልኛለች፤ እኔ አፏን እስላለሁ። አ ስትል በሰፊው ይከፈታል፤ ዮ ስትል ይሞጣሞጣል። ከንፈሮቿ አይነካኩም። የፊት ጥርሷ መሀል ክፍተት ነበረው፤ ለግልገሏም አደረግኩላት። ሥዕሉን ሳሳያት እየሳቀች አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ዓይኗን ግን ከወረቀቱ ላይ አላነሣችም።

የመጀመሪያው ክፍል አለቀና ፊልሙንም ድምፁንም ወደ አዲስ አበባ ላክን። ድምፁ የተቀዳበት ክር አንድ ብቻ ነበር፤ ሌላ የምንገለብጥበት ባዶ ክር አላገኘንም። ብዙ ቆይቶ ቅዳሜ ወደ ማታ እንደሚተላለፍ ተነገረን። ጎረቤቴ ለገበያው ሁሉ ነገረች። «ጫጩት» ለሚሏት ሳይቀር፣ መጥታችሁ ስሙ አለቻቸው። ከከተማው ውጭ ሐርላ የሚኖሩትን እናቷንም አስመጣች። አሮጊቷ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ቴሌቪዥን የሚባለውን ነገር አያውቁትም፤ ልጄ በሳጥን ውስጥ ስትናገር ልስማ ብለው ነው የመጡት።

በቀበሌው ግቢ ቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል። ሰዉ መሬት ላይ ተቀምጧል። ለአሮጊቷ ከፊት ወንበር ተሰጣቸው፤ እሷ ከጎናቸው፣ እኔና አለቃዬ ከኋላቸው ቆመን ነበር። ፊልሙ ጀመረ። ግልገሏ በደረቁ ደቻቱ ስትሄድ ድልድዩን የለየው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ግልገሏ ቆመች፤ አፏን ከፈተች፤ «እማዬ» አለች።

የማናውቀው ድምፅ ነበር። ጥርት ያለ የአዲስ አበባ አማርኛ የሚናገር ሰው ድምፅ። አለቃዬ ክንዴን ያዘኝ። ግልገሏ «እማዬ፣ የት ነሽ እማዬ» እያለች ትጣራለች፤ እማዬ ለማለት ከንፈር መግጠም አለበት፤ የእሷ ግን አይገጥምም፤ እኔ የሳልኩት አፍ አሁንም «አዮ» እያለ ነው። ከእኔ በቀር ያንን ያየ ያለ አይመስለኝም። ጎረቤቴ ወደ ኋላ ዞራ አየችኝ። ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መስሏት ነበር፤ ፊቴን ስታይ ገባት።

አሮጊቷ ጆሯቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዘንብለው ነበር። በኦሮምኛ፣ «አንቺ መቼ ነው የምትጀምሪው?» አሏት።

«ቆይ አዮ፣ ትንሽ ነው የቀረው» አለቻቸው።

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል እንደገና ጠየቋት፤ አሁንም ቆይ አለቻቸው። አለቀ። ልጆች ጮኹ፣ ሰው አጨበጨበ፤ ፊልሙን በጣም ወደውት ነበር። ከኋላ አንዱ፣ «ጫጩት፣ የታለሽ?» አለና ጥቂት ሰዎች ሳቁ። እናቷን በእጃቸው ይዛ፣ የሰውን እግር እንዳይረግጡ እየመራች ወጣች። ልከተላት ፈልጌ ነበር፤ ቆሜ ቀረሁ።

አለቃችን በሳምንቱ አዲስ አበባ ሄዶ ተመለሰ። ድምፅዋን ያስለወጠው የቴሌቪዥኑ ገምጋሚ ኮሚቴ ነው። አነጋገሯ የተደበላለቀ በመሆኑ ለሕፃናት አርአያ አይሆንም ብለው በሌላ ሰው አስቀድተውታል። ቢያንስ ክሩን መልሱልኝ ቢላቸው፣ የክር እጥረት ስላለ የስብሰባ ንግግር ተቀድቶበታል አሉት። ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ደክሞት ነበር።

እናቷ ወደ ሐርላ የተመለሱት ተቀይመው ኖሯል። ልጄ ዋሸችኝ፣ በሰው ፊት አዋረደችኝ ብለው። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ጎረቤቴ ለእኔ አልነገረችኝም። እኔና አለቃዬ አንድ እሑድ ስኳርና ሳሙና ገዝተን ሐርላ ሄድን። ከቤታቸው ደጅ ጥላ ሥር ተቀመጥንና እኔ በኦሮምኛዬ ሁሉንም አስረዳኋቸው፦ ልጃቸው እንደተናገረች፣ ከተናገሩት ሁሉ የበለጠች እሷ እንደነበረች፣ ያጠፉት ሌሎች መሆናቸውን። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«አንተ ደህና ሰው ትመስላለህ፤ አምንሃለሁ» አሉኝ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «ግን አልሰማኋትም» አሉ።

ውኃ ሰጡን፤ ጠጥተን ተመለስን።

ለቀሩት ክፍሎች የመጣልን ትእዛዝ አጭር ነበር። ድምፁ አዲስ አበባ ይሠራል፤ እናንተ አፉን ዝም ብላችሁ ክፈቱ ዝጉ። አለቃችን አልሠራም ብሎ ነበር። ጽሕፈት ቤት ተጠርቶ፣ የተፈቀደ ዕቅድ ማቋረጥ አሻጥር መሆኑን በለሰለሰ አንደበት አስረዱት። በዚያን ጊዜ አሻጥር የሚለው ቃል የት እንደሚያደርስ ሁላችንም እናውቅ ስለነበር ሠራን። እኔም አፍ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። የማን አፍ እንደሆነ ሳላውቅ አምስቱንም ክፍል ስዬ ጨረስኩ።

ፊልሙ በአገሩ ሁሉ ተወደደ። በጎረቤቴ ፋንታ የቀዳችው ሴት ጎበዝ ነበረች፤ መጥፎ ብትሆን ኖሮ ሳይቀለኝ አይቀርም። ልጆች በየመንገዱ «የት ነሽ እማዬ» እያሉ በእሷ ዜማ ይጣሩ ጀመር። ዛሬ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ግልገሏን አስታውሰው ሲስቁ እሰማለሁ። የሠራኋት እኔ ነኝ ስላቸው ደስ ብሏቸው ይጨብጡኛል፤ ድምፅዋን አስመስለው ያሰሙኛል፤ እኔም ፈገግ እላለሁ። ታሪኩን ልጀምርላቸው የሞከርኩባቸው ጊዜያት ነበሩ። ሰው የልጅነቱን ደስታ ሲያነሣ መሀል ገብቶ ማበላሸት ግን ይከብዳል።

ፋብሪካው ግልገሏን በልጆች ልብስ ጨርቅ ላይ እንድናትም አዘዘን። ጨርቁ እንደ ጉድ ተሸጠ። አንድ ቀን ቀፊራ ባልፍ ጎረቤቴ ያንኑ ጨርቅ ዘርግታ ትሸጣለች። ገበያው የፈለገው እሱን ስለሆነ ሌላ ምን ትሽጥ? ከገጠር የመጣች የምትመስል ሴት ልጇን ይዛ ዋጋ ጠየቀች። ጎረቤቴ ስትመልስላት ሕፃኗ ቀና አለችና እናቷን ነካ ነካ አደረገቻት። ሴትየዋ ሳቀች። «ድምፅሽ ልክ የግመሏ ነው፤ እስቲ ለልጄ አንድ ጊዜ እንደሷ በይላት» አለቻት።

ጎረቤቴ ጨርቁን እያጠፈች ነበር። እኔ እንደቆምኩ አይታኛለች።

«እኔ አማርኛዬ ጥሩ አይደለም» አለች። ጨርቁን ለክታ ቀደደችና ሰጠቻት።

ቀን ቀን ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። እናቴ ስትታመም ያስታመመቻት እሷ ናት። ስለ ፊልሙ ግን አንድም ቀን አላነሣችም፤ እኔም አላነሣሁባት። ከገበያ ስትመለስ ድሮ ከመንገድ ላይ ልጆቿን ትጣራ ነበር፤ ያንን ተወችው። ቀስ ብላ በር ድረስ መጥታ ታንኳኳለች።

ደርግ ሊወድቅ ሲል የኮንትሮባንድ ቁጥጥሩ እየጠበቀ፣ የብሔራዊ ውትድርናውም አፈሳ እየበዛ ሄደ። ትልቁ ልጇ ቁመቱ ደርሷል። አንድ ማለዳ ሁለቱንም ይዛ ወደ ጅቡቲ ተነሣች። ባቡር ጣቢያ ድረስ ሻንጣ ያዝኩላት። ባቡሩ ዘግይቶ ስለነበር ብዙ ተቀመጥን፤ ስለ ጅቡቲ ሙቀት፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት አወራን። ልትሳፈር ስትል፣ ሐርላ ያለችውን እናቴን አልፎ አልፎ እያት፣ ስኳር አያልቅባት አለችኝ። እሺ አልኳት።

ቃሌን ጠብቄ እሄድ ነበር። አሮጊቷ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ከልጃቸው ወሬ መጥቶ እንደሆነ ነው። አይመጣም፤ መንገዱ ሁሉ ተዘጋግቶ ነበር። ሰዎች ደህና ናት ይላሉ እላቸዋለሁ፤ ማን እንዳለኝ አይጠይቁኝም። አንድ ጊዜ ስሄድ ቤቱ ተዘግቶ አገኘሁት። ጎረቤቶቻቸው ቀብረዋቸው ሳምንት አልፎ ነበር። ስኳሩን ለእነሱ ትቼ ተመለስኩ። ለልጃቸው ማርዳት ነበረብኝ፤ ጅቡቲ ውስጥ የት እንዳለች ግን እኔም ሆንኩ ያገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ አናውቅም።