ከጋምቤላ ጎሬ ስንት ደቂቃ ነው?

መቱ ላይ ዘጋቢ ሳለሁ ከዋና አዘጋጄ አጭር ጥያቄ መጣልኝ፤ ከጋምቤላ ጎሬ በአነስተኛ አውሮፕላን ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ካርታ ላይ በማስመሪያ ለካሁ። ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት ያልፋል። ለአውሮፕላኑ ፍጥነት ሳካፍለው ሃያ አምስት ደቂቃ ሆነ። ግን አልላክሁትም። ሳላጣራ ቁጥር አልልክም። ሚኒባስ ተሳፍሬ ጎሬ ወጣሁ።

የጎሬን የሣር ማረፊያ ሜዳ ለብዙ ዓመታት የጠበቁ አንድ ጡረተኛ ነበሩ። ሻይ ቤት አገኘኋቸውና ቁጥሬን ነገርኳቸው።

«ሲመጣ ነው ሲመለስ?» አሉኝ።

«ልዩነት አለው እንዴ፣ ጋሼ?»

«ጋምቤላ ቆላ ነው፤ ጎሬ ተራራ ላይ። ከመቱ ወዲህ ስትወጣና ስትወርድ መኪናው እኩል ይሄዳል? ሲመጣ ሠላሳ፣ ሲመለስ ሃያ ሁለት። ጻፍ።»

አጠገባችን የነበረ ወጣት የቢሮ ሠራተኛ ሳቀ። «ጋሼ፣ ሰዓት አስረው አያውቁ፤ ደቂቃውን ከየት አመጡት?»

«ከላሞቹ!»

አውሮፕላኑ ከጋምቤላ ሲነሳ በሬዲዮ ይነገራቸው ነበር። ሜዳው ላይ የሚግጡትን ከብቶች ከጫፍ እስከ ጫፍ አስነድተው መጨረስ ያለባቸው አውሮፕላኑ እስኪደርስ ነው። ከሜዳው ሲመለሱ የማረፊያው የሬዲዮ ሠራተኛ የግድግዳ ሰዓቱን አይቶ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይነግራቸዋል፤ አውሮፕላኑ ተመልሶ ጋምቤላ ሲያርፍም እንዲሁ። «አንዲት ላም ከቀረች አይወርድም» አሉ።

«ተረት ነው!» አለ ወጣቱ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

ሽማግሌው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ነገ መድኃኒት የጫነ አውሮፕላን ይመጣል። ዋሽቼ ከሆነ ከእንግዲህ እዚህ ቤት ስለ አውሮፕላን አፌን አልከፍትም።»

ሽማግሌው ከዚያ ሥራ በቀር የሚያወሩት እንዳልነበራቸው ሁሉም ያውቃል።

በማግስቱ ሜዳው ዳር ሳለን ጋምቤላ ያለ ባልደረባዬ አውሮፕላኑ መነሳቱን ደውሎ ነገረኝ። ሰዓቴን ያዝኩ። ሽማግሌው በትራቸውን ይዘው «ሎን ኦፋ!» — ከብቱን ንዱ — እያሉ እረኞቹን በኦሮምኛ አጣደፏቸው፤ ከብቱ ሁሉ ወደ ዳር ተነዳ። ወጣቱም ሊያይ መጥቶ ቆሟል። እሳቸው የሜዳውን ጫፍ ነክተው ወደ እኛ ሲመለሱ የአውሮፕላኑ ድምፅ ተሰማ። ጎማው ሣሩን ሲነካ ሠላሳ ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ነበር። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ጋምቤላ ሲያርፍ ባልደረባዬ ደወለ፤ ሃያ ሦስት።

«በአንድ ደቂቃ ተሳስተዋል» አልኳቸው።

«አብራሪው አዲስ ይሆናል።»

አዘጋጄ በስልክ ተቆጣ። «አንድ ቁጥር ነው የጠየቅሁህ!»

«እውነቱ ሁለት ነው።»

«ምንጭህ መሐንዲስ ነው?»

«የሜዳው ጠባቂ ናቸው። እኔም በሰዓት አረጋግጫለሁ።»

ከባለሥልጣናት ብዙ ቃል ተቀብዬ አስተላልፌያለሁ። እንደዚያ ምንጭ ግን የኮራሁበት የለም።

ዜናው በሬዲዮ ሲነበብ ሻይ ቤቱ ውስጥ ነበርን። «የጎሬ ማረፊያ የቀድሞ ጠባቂ እንደገለጹት» ሲባል ወጣቱ ተነስቶ የራሱን ወንበር ለሽማግሌው አቀረበ። እሳቸውም ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አዳመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ደመና ካለ አምስት ደቂቃ ይጨመራል። እሱን አልነገርካቸውም።»

ማስታወሻዬን አወጣሁ።