ቀበሌ የገባው የኖኅ መርከብ

ነገሩ የሆነው በ1972 ዓ.ም. ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበርኩ። ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ወረድ ብላ በምትገኝ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሕፃናት አስተምር ነበር። ከዚያን ጊዜ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህ ግን ከልቤ አልወጣልኝም፤ ያን ቀን ያደረግሁትን እስከ ዛሬ ለማንም ስላልተናገርኩ ይመስለኛል።

ቀይ ሽብሩ ጋብ ብሏል፤ ፍርሃቱ ግን ከየቤታችን አልወጣም። በተለይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚያስተምር ሰው ዞር ዞር ብሎ አይቶ ነው የሚናገረው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔም መመንጠር ስላልፈለግሁ ሁሉንም እጠረጥር ነበር።

ከሁሉ አብልጬ የምጠረጥረው እትዬ አስካለን ነው። ቀበሌው በሞግዚትነት የመደበልን እሳቸውን ነበር። አርባ ዓመት ያለፋቸው ዝምተኛ ሴት ናቸው። ልጆቹን ሽንት ቤት ይወስዳሉ፣ አፍንጫ ይጠርጋሉ። ግን ደብተሬን ገልጬ የሳምንቱን ትምህርት ስጽፍ መጥተው ከኋላዬ ይቆማሉ፤ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። "ምን ፈለጉ?" ስላቸው "ኧረ ምንም" ብለው ይሄዳሉ። በቃ፣ ጆሮ ጠቢ ናቸው ብዬ ደመደምኩ።

ትምህርታችን በየሳምንቱ አንድ ርዕስ ነበረው። አንድ ሳምንት ፍጥረት፣ ሌላ ሳምንት መልካሙ እረኛ፤ መዝሙሩም፣ ሥዕሉም፣ ጨዋታውም በዚያው ርዕስ ይሆናል። የዚያ ሳምንት ርዕስ የኖኅ መርከብ ነበር። አዲሱ ገበያ ሄጄ ትልልቅ ካርቶን ለምኜ መርከብ ሠራሁ። እትዬ አስካለ ካረጀ ሹራብ ጆሮና ጭራ ሰፉ። እኔም እንደ ልማዴ ዕቅዱን በደብተሬ አሰፈርኩ።

ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። "ዳዊትና ሰላም፣ አንበሳ። ግርማና ሶፊያ፣ ጉማሬ። ሜሮን፣ እርግብ። ዓርብ አራት ሰዓት ሁለት ሁለት እየሆኑ ይገባሉ። ሁሉም ሲገቡ በሩ ይዘጋል። ማንም ድምፅ አያሰማም። እርግብ ቀድማ ወጥታ ታያለች። ካልተመለሰች ሌሎቹ ይወጣሉ።"

ረቡዕ ደብተሩ ጠፋ። ሐሙስ ጠዋት ልጆቹን ሳዘምር ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ መጥቶ "ቀበሌ ትፈለጊያለሽ" አለኝ። ዞር ብዬ እትዬ አስካለን አየኋቸው። አንገታቸውን ደፉ። ይኸው፣ አልኩ በልቤ።

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ላይ አንዲት የተጨማደደች ወረቀት ዘርግቶ ጠበቀኝ። የእጅ ጽሑፌ ናት።

"አንበሳ ማነው?"

"ልጅ ነው። አራት ዓመቱ ነው።"

"ጉማሬስ?"

"እሱም ልጅ ነው።"

"እርግብ ቀድማ ወጥታ ምኑን ነው የምታየው?"

"ውሃው መጉደሉን" አልኩ። ለራሴም ውሸት መሰለኝ።

የሕቡዕ ድርጅት ሰዎች በስውር ስም እንደሚጠራሩ የማያውቅ አልነበረም። ከዚህ ባነሰ ወረቀት ስንቱ ሄዶ ቀርቷል። ሊቀመንበሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ከአንቺ ጋር ማን አለ? አንድ ስም ስጪኝ" አለኝ።

ሰጠሁት። "እትዬ አስካለ አሉ። ሁሉን ያውቃሉ፤ እሳቸውን ጠይቋቸው" አልኩ። ፈርቼ ብቻ አይደለም፤ እኔን አሳልፈው ሰጥተው እሳቸው እንዴት ይቀራሉ የሚል ቂምም ነበረብኝ።

ጥበቃው ሊጠራቸው ወጣ። ሊቀመንበሩ "በይ አንብቢልኝ" ብሎ ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝ። ሳነሳው ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሸተተኝ። ተጠቅልሎ የነበረበት እጥፋትም ይታያል። ክው አልኩ። ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ያለቁ ደብተሮቼን ለሰፈራችን ባለሱቅ ሰጥቼው ነበር። ያኔ ቅመምም ጨውም የሚጠቀለለው በደብተር ወረቀት ነው። ለካ ያላለቀውንም አብሬ ሰጥቼዋለሁ። ከቀበሌው ሰዎች አንዱ ቅርንፉድ ገዝቶበት ኖሯል።

ያን ጊዜ "ተሳስቻለሁ፣ ሴትየዋን ተዉአቸው" ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ በሩ ተከፈተ። እትዬ አስካለ ብቻቸውን አልነበሩም። ከኋላቸው ሕፃናቱ ሁለት ሁለት ሆነው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ጆሮና ጭራቸውን አድርገው ገቡ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ የስም ዝርዝር ተገኘ ብሎ ጥበቃው ነገረኝ። ሰዎቹን ይዤልዎት መጣሁ" አሉ።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አየ፤ ልጆቹን አየ። "አንበሳ ማነው?" አለ።

"እኔ!" አለና ዳዊት ሳይታዘዝ አገሳ። ሰላምም ተከተለችው። ጥበቃው ሳቁን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረ። እርግቧ ሜሮን ደግሞ "ሽንቴ መጣ" ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ሊቀመንበሩ አልሳቀም። "ይዛችኋቸው ውጡ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎ እንዳላይ" አለ። ወረቀቱን ግን መሳቢያው ውስጥ ከትቶ ቆለፈበት።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስንመለስ፣ ዳገቱ ላይ እትዬ አስካለ ብዙ አወሩ። እንደዚያ ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም። መሠረተ ትምህርት ከገቡ ወዲህ የእኔን ጽሑፍ ማየት እንደሚወዱ ነገሩኝ። "ፊደል ልለይ ብዬ ነው እኮ ኋላሽ የምቆመው። እንዳትስቂብኝ ብዬ ነው ዝም የምልሽ" አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ቆም አሉና "ለመሆኑ ስሜን ማን ጠራው?" አሉኝ።

"እነሱ ያውቁዎት የለ" አልኩ።

"እሱስ እውነትሽን ነው" ብለው ሜሮንን አዘሏት።

እትዬ አስካለ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ለቅሷቸው ላይ ስለ ደግነታቸው እንድናገር ሲጠይቁኝ ይህንኑ ታሪክ አወራሁ። አንበሳው ያገሳበት ጋ ስደርስ ለቀስተኛው ሁሉ ሳቀ፤ እኔንም በእሳቸው የተረፈች እያሉ አቀፉኝ። ያስጠራቻቸው ማን እንደሆነች ግን እዚያም አልተናገርኩም። አፍራለሁ። እሳቸውን ስጠረጥር ኖሬ፣ ስም የሰጠሁት እኔ ነኝ።