አየር የነካው ባትሪ

አባቴ ዲማ አጠገብ ባለች ደብር የዜማ መምህር ነበሩ። ጆሯቸው እየደከመ ሲሄድ ተማሪ ሲስት ማረም አቃታቸው። እኔ ኬሚስትሪ ወደማስተምርበት ወደ ደብረ ማርቆስ አመጣኋቸውና የመስሚያ መሣሪያ ተገኘላቸው።

ባትሪው ከሽንብራ ፍሬ አይበልጥም። ጀርባው ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ስትነሳ በቀዳዳው አየር ይገባል፤ አየሩ ውስጡ ካለው ዚንክ ጋር ሲዋሃድ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ይህን ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ስተኛ ወረቀቷን መልሼ ብለጥፋትስ?»

«ያዘገየው ይሆናል እንጂ አያቆመውም አባባ። አንዴ አየር ከነካው ማለቁ አይቀርም።»

«እንግዲያስ በወሬ አላባክነውም፤ ለተማሪዎቹ ብቻ ነው» አሉ።

ወደ ደብራቸው ተመልሰውም እንዳሉት አደረጉ። ትምህርት ሲያበቃ መሣሪያውን ያወልቃሉ። እናቴ እንኳ በእጅ ምልክት ነበር የምታናግራቸው።

ከዚያ በአካባቢው ግጭት ተነሣና ወደ እነሱ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ፤ ስልክም ተቋረጠ። የገዛሁላቸው ባትሪዎች ወረቀታቸው ሳይነሳ ጠረጴዛዬ ላይ ከረሙ። ክፍል ገብቼ ስለ ባትሪ ሳስተምር፣ ዚንክ የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የአባቴ ባትሪ አልቆ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ባትሪዎቹን ይዤ ሄድኩ። እናቴ በር ላይ አቅፋኝ አለቀሰች። ባትሪው ካለቀ በኋላም አባቴ ማስተማሩን አልተዉም ነበር አለችኝ፤ መዳፋቸውን ተማሪው ደረት ላይ አድርገው የዜማውን መውጣትና መውረድ ለመለየት ታገሉ። አልሆነም። አንድ ቀን ተማሪዎቹን ሰብስበው፣ «ስሕተታችሁን ካልሰማሁ ስሕተት ማስተማሬ ነው» ብለው ወደ ሌላ ደብር አሰናበቷቸው።

አባቴን ከቤት ጀርባ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ፣ ወረቀቱን ላጥ አድርጌ ባትሪውን መሣሪያው ውስጥ አስገባሁና ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ጥቂት ቆይተው ቀና አሉ።

«ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል።»

ፊታቸውን ወደ ተማሪዎቹ ጎጆዎች አዙረው አዳመጡ። ከዚያ በኩል የሚመጣ ድምፅ አልነበረም። የአንዱ ጎጆ ክዳን ወደ ውስጥ ወድቋል።

«እንላክባቸውና ይመለሱ?» አልኳቸው።

«ተይ ልጄ። ሌላ መምህር ይዘዋል። ዜማ መሐል ላይ አይቋረጥም።»

ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ እንባቸው ግን ጢማቸው ላይ ወረደ። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

ስመለስ መሣሪያውን ሳያወልቁ እስከ መኪናው ሸኙኝ። መንገድ ላይ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ አወራን፤ ስለ ተማሪዎቹ ግን አንዳችንም አላነሳንም።