ስለ ልጄ ስጠየቅ የሰጠሁት መልስ

ልጄ ራግቢ ተጫዋች ናት። ይህን ለአገሬ ሰው በነገርኩ ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ "ያ እየተጋጩ የሚወዳደቁበት? ሴት ልጅ?" አዎ፣ እሱው ነው። ኳሱን በእጅ ይዘው ይሮጣሉ፣ በእጅ የሚቀባበሉት ወደ ኋላ ብቻ ነው፣ ኳስ የያዘችውን ልጅ ወገቧን ጨምድደው መሬት ላይ ይጥሏታል። ልጄ ከአስራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ሰው ስትጥል ነው ያደገችው። መጀመሪያ ላይ እናቷ አለቀሰች፣ እኔ ተቆጣሁ፣ ሁለታችንንም አሸነፈችን። ከቁምጣው ሥር ረጅም ታይት ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ መጫወት እንዲፈቀድላት ራሷ ሄዳ አሠልጣኞቿን ጠየቀች፤ ፈቃዱንም አምጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልን። ከዚያ በኋላ ምን ይባላል?

ባለፈው ዓመት ከሃያ ዓመት በታች ለሆኑ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ተመረጠች። የአሜሪካን ማለቴ ነው። ከደሴ በሎተሪ መጥቼ ዳውንታውን የሰው መኪና ሳቆም የኖርኩት እኔ፣ የዚህን አገር ማሊያ የምትለብስ ልጅ አባት ሆንኩ። ደስታዬን ለማንም አልተናገርኩም። አብሮኝ የሚሠራ ሰው ከሌላ ሰምቶ እንኳን ደስ አለህ ሲለኝ "ተጠባባቂ ነው የምትሆነው" ብዬ አለፍኩት። ተጠባባቂ አልነበረችም። ግን ዓይን እፈራለሁ፣ ጉራም ያስጠላኛል። አባቴም እንዲሁ ነበር። ከክፍል አንደኛ ወጥቼ ካርዴን ይዤ የገባሁ ቀን፣ እንግዳ ፊት "ይኼ ደንቆሮ፣ ምን ገብቶት ነው" አለ። እንግዳውም ወግ እንደሚያዘው "ኧረ ተው! እንዲህ ያለ ልጅ የት ይገኛል?" አለው። ያን ጊዜ አባቴ ፈገግ ሲል አየሁት። መወደድ ማለት ለእኔ ይህ ነበር።

ቡድኑ ስማይርና የምትባል ከተማ አካባቢ ካምፕ ገብቶ ሁለት ሳምንት ተለማመደ። የመጨረሻው እሁድ ላይ ለቤተሰቦች ምሳ ተዘጋጀ። ልጄ በዋዜማው ደወለችልኝ።

"አባቢ፣ አምበሏን ነገ አናውንስ ያደርጋሉ። ወይ እኔ ነኝ ወይ ያቺ ከካሊፎርኒያ የመጣችው ልጅ። ኮቿ ፋሚሊዎቻችንን ማናገር እፈልጋለሁ ብላለች።"

"ቤተሰብ ደግሞ ምን ያደርግላታል?"

"አይ ዶንት ኖው። እቤት ምን ዓይነት ሰው እንደሆንን ማወቅ ፈልጋ ነው መሰለኝ። ብቻ እንዳትቀር፣ ፕሊስ። በጣም ነው የምፈልገው፣ አባቢ።"

ልጄ በጣም ነው የምፈልገው የምትለው ነገር ብዙ አይደለም። እናቷ ኤርፖርት ነው የምትሠራው፤ ፈረቃዋን የሚይዝላት ሰው አጣች። እኔ ለምኜ አስያዝኩ፣ ሙሉ ልብስ ለበስኩ፣ ከረባት አሰርኩ፣ ከምንኖርበት ከስቶን ማውንቴን ተነስቼ አንድ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። ሌሎቹ አባቶች በቁምጣ ነበሩ።

የዚያችኛዋ፣ የካሊፎርኒያዋ ልጅ አባት ከአሠልጣኟ ጋር ሲነጋገር አጠገባቸው ካለው ጠረጴዛ ሆኜ ሰማሁት። "ልጄ የተወለደችው ለመምራት ነው፣ በአምስት ዓመቷ የሰፈሩን ልጆች ታሰልፍ ነበር፣ ከእሷ የተሻለ አምበል አታገኙም" አለ። ቀልድ እንኳን አልጨመረበትም። ሰው እንዴት አፉን ሞልቶ የራሱን ልጅ እንዲህ ያወድሳል? እኔ አፈርኩለት። በሆዴም፣ አሠልጣኟ ይህን ጉራ ሰምታ ወደ እኛ ታዘነብላለች አልኩ።

ከዚያ ወደ እኔ መጣች። ረጋ ያለች ሴት ናት። ወንበሯን አስጠግታ "እስቲ ስለ ልጅዎ ይንገሩኝ። ሌሎችን መምራት የምትችል ይመስልዎታል?" አለችኝ።

"እሷ?" አልኩ እየሳቅኩ። "ገና ልጅ ናት እኮ። አልጋዋን እንኳን በቅጡ አታነጥፍም። ግትር ናት፣ ምክር አትሰማም። ያቺኛዋ ልጅ ትሻላለች።"

ይህን ብዬ ጠበቅኩ። ኧረ ይተዉ እስክትለኝ ጠበቅኩ። ሰው ቤት ሄደህ ብላ ሲሉህ በቃኝ ትላለህ፣ ባለቤቱ ደግሞ በሞቴ ብሎ ይይዝሃል፤ በቃኝ ስላልክ ሳህኑን የሚያነሳ ሰው ባደግኩበት አገር አይቼ አላውቅም። አሠልጣኟ ግን ራሷን ነቀነቀች፣ እጄን ጨበጠች፣ "እንዲህ በግልጽ የሚነግረኝ ወላጅ ብዙ አይገጥመኝም፤ አመሰግናለሁ" ብላ ተነሳች። ሃያ ዓመት ከአሜሪካኖች ጋር ሠርቻለሁ፤ ስለ ዋጋና ስለ ሰዓት የሚያስቡትን እንደሚሉ፣ የሰሙትንም እንደሰሙት እንደሚይዙ አውቃለሁ። ስለ ልጄ ግን ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እንደ ጨዋ ሰው የመለስኩ መስሎኝ ምሳዬን በደስታ በላሁ።

ከምሳ በኋላ የተጠራው የዚያችኛዋ ስም ነው። ልጄ ከሁሉም ቀድማ ሄዳ አቀፈቻት።

ወደ ቤት ስንመለስ ሃይዌዩን አጋመስን። ከዚያ "ኮቿን ለምን እንደሆነ አስክ አደረግኳት" አለችኝ፣ ወደ መስኮቱ እያየች። "ሁለታችሁ እኩል ነበራችሁ አለችኝ። ግን አባትሽ ራሱ ገና ናት ብሎኛል አለች። እንደዛ ብለሃታል?"

"ልጄ፣ እሱ እኮ..." ብዬ ጀመርኩ። ወግ ነው አልኩ። ሰው ፊት የራስን ልጅ አያወድሱም፣ ዓይን አለ፣ አንቺን ማወደስ የነበረባት እሷ ናት አልኩ። እየተናገርኩ እንኳን እንደማይረባ ይታወቀኝ ነበር።

"ኦኬይ፣ ሰው ፊት አይባልም" አለች። "እቤት ግን ሰው የለም፣ አባቢ። እቤትም ብለኸኝ አታውቅም።"



በማግሥቱ አሠልጣኟ ጋ ደወልኩ፤ ያልኩት ሁሉ እውነት አይደለም አልኳት። "ታዲያ ለምን አሉት?" አለችኝ፣ በቁጣ ሳይሆን ግራ ገብቷት። ልታጽናናኝም ሞከረች፤ በእርስዎ ቃል ብቻ አልወሰንኩም አለች። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አልተጽናናሁም፤ በሁለት እኩል ልጆች መካከል የአባት ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን ለማወቅ አሠልጣኝ መሆን አያስፈልግም።

አምበልነቱ ይገባት ነበር ወይ? ሚዛኑን እኔ አበላሽቼ እኔው እመዝናለሁ። እናቷ የታመመች ጊዜ ልጄ አስራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ሐኪሙ የሚናገረውን ለእናቷ የምትተረጉመው እሷ ነበረች። የሚያስፈራውን ቃል ዘለለችው። ኮሪደር ላይ ወጥታ ለእኔ ብቻ ነገረችኝ፤ "ለማሚ ነገ እንነግራታለን፣ ዛሬ ትተኛ" አለች። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ስቀር እጄን የያዘችኝ እሷ ናት። ሌላ ጊዜ ደግሞ በአንድ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ጓደኛዋ መጣል የነበረባትን ተጋጣሚ አሳለፈችና ተሸነፉ። ሌሎቹ ጥለዋት ሲሄዱ ልጄ ጭቃው ላይ አጠገቧ ቁጭ አለች። ልጅቷ አልቅሳ እስክትጨርስ፣ ሜዳው ባዶ እስኪሆን አብራት ተቀመጠች። እኔ በዚያን ቀን መኪና ውስጥ ሆኜ አይቻለሁ። ስትመጣም "ቶሎ አትመጪም? ሥራ አለብኝ" ነው ያልኳት። አምበል ማለት እንዲህ ያለ ሰው ካልሆነ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ዘንድሮም ተመርጣለች። ያቺኛዋ ልጅ ዕድሜዋ አልፎ ስለወጣች አዲስ አምበል ይመረጣል፤ የቤተሰብ ምሳም አለ። እኔ በዚህ ጊዜ አልሳሳትም ብዬ የምለውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። መኪና በማይመጣበት ሰዓት የምሠራበት የፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጮክ እያልኩ ተለማመድኩት። የሆስፒታሉን ጻፍኩ፣ የጭቃውን ጻፍኩ። ጎበዝ ናት፣ ከእኔ ትበልጣለች የሚልም ጻፍኩ።

ካምፕ ከመግባቷ በፊት በነበረው ቀን ክፍሏ በር ላይ ቆሜ ሻንጣዋን ስትሞላ አየኋት። ቀና ሳትል "ዳድ፣ ጌሞቹ ላይ ና፣ እሺ?" አለችኝ። "ምሳው ላይ ግን ማሚ ብቻ ትምጣ። ፈረቃዋን ቀይራለች፣ ጠይቄያታለሁ።"

"እሺ" አልኳት።

"ታንክ ዩ" አለች፤ በሩን ይዞ ላሳለፋት ሰው እንደምትለው።

ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። አሁን አውጥቼ ላንብብላት፣ ለእሷው ልንገራት አልኩ። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም፤ የምፈራው ዓይንም፣ የማፍረው እንግዳም የለም። አንድ እርምጃ ገባሁ፣ አፌን ከፈትኩ።

"ልብስሽን እንኳን በቅጡ አላጠፍሽውም" አልኳት።

የላይኛውን ማሊያ አውጥታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች።